አሮጌው ዴልሂ ውስጥ ምን ይበላል? በስንት ሰዓትና በየትኛው ወር?

ጎህ ፦ ኅዳር 9

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ወደ ዴልሂ ይዤ እሄዳለሁ። እስከ ጥር መጀመሪያ እንደምንቆይ ተነግሮናል። እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሠርግም ለተዝካርም ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ አንድን አገር የምታውቀው በምግቡ ነው። የሆስፒታል ሾርባ ብቻ ቀምሳ እንድትመለስ አልፈልግም።

አዲስ አበባ ውስጥ የህንድ ምግብ የሚባለውን ቀምሼዋለሁ፤ ክሬም የበዛበት ቀይ የዶሮ ወጥ ናን ከሚባለው ቂጣ ጋር። የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ሙግላይ» ተብሎ ተጽፏል። ከእንግሊዞች በፊት ህንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት ይበሉት የነበረው ይህንን ነው? ስለ አሮጌው ዴልሂ የሰማሁት ደግሞ ሌላ ዓለም ይመስላል፤ ሌሊቱን በድስት ሲበስል የሚያድር ሥጋ፣ ማንኪያ ላይ ሲያዩት የሌለ የሚመስል የወተት አረፋ።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። እናቴ የነቢያትን ጾም አጥብቃ ትጾማለች፤ ታመሻል ቢሏትም የምትተወው አይመስለኝም። ሥጋም ቢሆን በክርስቲያን እጅ ካልተባረከ አትነካም። እኔ ግን ሁሉንም መቅመስ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ። የት እንሂድ? በስንት ሰዓት? ምን ብለን እንጠይቅ?


የጃሚያው ተማሪ ፦ ኅዳር 9

እኅቴ ጎህ፣ አላህ እናትሽን ያሽርልሽ። ጃሚያ ሚሊያ ኢስላሚያ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ቅዳሜ ማታ የአሮጌው ዴልሂ ታላቅ መስጂድ ከሆነው ከጃማ መስጂድ ጀርባ የሚኖር ጓደኛዬ ዘንድ አድሬ፣ እሁድ የሱብሂን ሰላት እዚያው ሰግደን በቀጥታ ወደ ኒሃሪ ቤት እንሄድ ነበር። ስለዚህ ከኒሃሪ ልጀምርልሽ።

ስሙ «ነሃር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ቀን ማለት ነው። የጠዋት ምግብ ነው። ማታ ላይ የጎሽ ቅልጥም ከነአጥንቱ፣ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ የመዳብ ድስት ውስጥ ይገባል። ድስቱን «ዴግ» ይሉታል። ክዳኑ በሊጥ ይታሸግና ረመጥ ላይ ያድራል። ሲነጋ ሥጋው ከአጥንቱ ለመለየት ቢላዋ አይፈልግም። አብሳዩ ድስቱ አጠገብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሥጋውን በሳህን አውጥቶ፣ ከላይ የጠለለውን ቀይ ቅባት በጭልፋ ያፈስበታል። በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሎሚ ይጨመርበታል። የሚበላው «ኻሚሪ ሮቲ» በሚባል በእርሾ በቦካ፣ ከታንዱር ምድጃ ትኩሱን በወጣ ቂጣ ነው። አንዳንድ ቤቶች ከትናንቱ ድስት ጥቂት አስቀርተው ለዛሬው መነሻ ያደርጉታል፤ ቤትሽ የእርሾ እቃ ካለ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል።

ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተገኚ። ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ሲታጠብ ያለ ድስት ነው። ማታ የሚሸጡም አሉ፤ እኔ ግን ኒሃሪን በብርዱ የጠዋት ጭጋግ ውስጥ እንጂ በሌላ ጊዜ ማሰብ አልችልም።

ጃማ መስጂድ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ እዚያ ውረጂ። ከመስጂዱ አንደኛ በር ፊት ለፊት ማቲያ ማሃል የሚባለው ጎዳና ይጀምራል። ከመግሪብ በኋላ ያ ጎዳና በከሰል ጭስ ይሞላል፤ በብረት ዘንግ የሚጠበስ የተፈጨ ሥጋ፣ መሐረብ የሚያህል ስስ «ሩማሊ» ቂጣ፣ በወተትና በሳፍሮን የተለወሰ «ሺርማል» የሚባል ዳቦ። ቢርያኒ፣ ማለት ከሥጋ ጋር የበሰለው ሩዝ፣ በሳህን አይጠየቅም፤ እንደ ጤፍ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ሩብ ኪሎ ለአንድ ሰው ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ህንድ ውስጥ «ሙተን» ሲሉሽ ብዙውን ጊዜ የፍየል ሥጋ ነው። የላም ሥጋ ዴልሂ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያ ሰፈር «ባዴ ካ» ካሉሽ የጎሽ፣ «ቾቴ ካ» ካሉሽ የፍየል ማለት ነው፤ የትልቁ፣ የትንሹ እንደማለት።

ስለ ቀዩ ዶሮ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሙጋሎች ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።


ወጥ ቤት ፦ ኅዳር 10

ወንድሜ የጃሚያው ተማሪ ስለ ኒሃሪ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ የመጨረሻዋ መስመር ግን አስከፍታኛለች። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የህንድ ምግብ ሠርቻለሁ። የተማርኩት ከአንድ የፑንጃብ ሰው ነው፤ አያቱ በ1947 የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ዴልሂ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጎህ የጠቀሰችው ቀዩ ዶሮ፣ የቅቤ ዶሮ የሚባለው፣ የእነዚያ ስደተኞች ምግብ ነው። ከፔሻዋር የመጡ ሰዎች ዳሪያጋንጅ በሚባለው ሰፈር፣ ከጃማ መስጂድ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ሞቲ ማሃል የሚባል ምግብ ቤት ከፈቱ። ታንዱሩን ይዘው መጡ። የተጠበሰው ዶሮ እንዳይደርቅ በቲማቲም፣ በቅቤና በክሬም ወጥ ውስጥ መለሱት። ማን ቀድሞ እንደሠራው የሁለት ምግብ ቤት ባለቤቶች እስከ ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። ሙጋል አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን የዴልሂ ነው። ሰው አገሩን አጥቶ፣ ባዶ እጁን መጥቶ የሠራውን ምግብ «የሆቴል ምግብ ነው» ብሎ መናቅ ልክ አይደለም።

ለጎህ የምነግርሽ አንድ የሙያ ነገር አለኝ፤ እናትሽም ትወደዋለች። እውነተኛውን የዴልሂ «ኮርማ»፣ በእርጎ የሚሠራውን የሥጋ ወጥ፣ ለመለየት ሽንኩርቱን ተመልከቱ። እኛ ሽንኩርቱን በደረቁ እናቁላላለን፤ ቁሌቱ የወጡ መሠረት ነው። እነርሱ ሽንኩርቱን በቀጭኑ ቆርጠው በብዙ ቅባት ወርቅ እስኪመስል ይጠብሱታል፣ አውጥተው ያደርቁታል፣ ከዚያ በእጅ አድቅቀው ከእርጎ ጋር ይመልሱታል። ወጡ ቡናማ ቀለም የሚይዘው ከዚያ ነው። ቲማቲም የለበትም፤ እርድም የለበትም። ቀይ ወይም ብጫ ኮርማ ካቀረቡላችሁ የሌላ ቤት አሠራር ነው።


የጃሚያው ተማሪ ፦ ኅዳር 10

ወንድሜ ወጥ ቤት፣ ስለ ስደተኞቹ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል፤ «የሚያገናኘው ነገር የለም» ያልኩት አነጋገር ሸካራ ነበር። ነገር ግን «ሙግላይ» የሚለውን ስም በተመለከተ አልለቅም። ማቲያ ማሃል ውስጥ ስድስት ሰባት ትውልድ ድስት ሲጥድ የኖረ ቤተሰብ አለ፤ የእነርሱ ስም በማያውቁት ምግብ ላይ ተለጥፎ ዓለምን ሲዞር ዝም ማለት ከበደኝ። የቅቤ ዶሮ የፑንጃብ ስደተኞች የዴልሂ ምግብ ተብሎ በራሱ ስም ቢጠራ ምን ይጎድልበታል?


ወጥ ቤት ፦ ኅዳር 10

ምንም አይጎድልበትም። ግን የምግብ ዝርዝር የሚያትሙት ወጥ ቤቶች አይደሉም።


አንባቢ ሽማግሌ ፦ ኅዳር 11

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ አነበብኩት። በ1974 ዓ.ም. ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። ከዚያም በፊት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ነበሩ፤ በእኔ ዘመን ብዙዎቻችንን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው።

«ሙግላይ» የምንለው ነገር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሁለት ዓመቶችን ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ንጉሥ ሻህ ጃሃን ዋና ከተማውን ከአግራ ወደ ዴልሂ ለማዛወር በ1639 ሻህጃሃናባድን መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ አሮጌው ዴልሂ የሚባለው እርሱ ነው። ዋናውን የገበያ ጎዳና ቻንድኒ ቾክን ያስነደፈችው ልጁ ጃሃናራ ናት፤ በመሃሉ የውኃ ቦይ ያልፍ ነበር፤ ጨረቃ የምታበራው አደባባይ የሚል ስም ያገኘው በዚህ ነው ይባላል። ሁለተኛው ዓመት 1857 ነው። በእንግሊዞች ላይ የተነሣው አመፅ ከከሸፈ በኋላ የመጨረሻው ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፈር ወደ ራንጉን ተግዞ እዚያው በ1862 ሞተ። ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤትም ጌታ አጣ።

ድስቱ ወደ መንገድ የወጣው ያን ጊዜ ነው። በጃማ መስጂድ አጠገብ ገሊ ከባቢያን በምትባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለው የከሪም ቤት ቤተሰቦች አያቶቻችን የቤተ መንግሥት ወጥ ሠሪዎች ነበሩ ይላሉ። በ1911 ለእንግሊዙ ንጉሥ የዘውድ በዓል ለመጣው ሕዝብ የፍየል ሥጋ በድንችና የምስር ወጥ ይሸጡ ነበር፤ በ1913 አሁን ያለውን ቤት ከፈቱ። ድንች የሙጋል ነገሥታት አዝመራ አልነበረም። ሕዝቡ በሚችለው ዋጋ ለመሸጥ ሥጋውን የሚያበረክት ነገር ያስፈልግ ነበር። የምትከራከሩበት ምግብ ንጉሥ አጥቶ ሕዝብ ያገኘ ምግብ ነው፤ ስለዚህም ነው የምወደው።

በርበሬንም አስቡት። የሙጋሉን ንጉሥ የአክበርን ሥርዓት የመዘገበው አቡል ፈዝል የቤተ መንግሥቱን ምግቦች ከነቅመማቸው ዘርዝሯል፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ሳፍሮን አለ፤ ቀዩ በርበሬ ግን የለም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ ህንድ የገባ ነው። ዛሬ የኒሃሪው ቅባት ቀይ ሆኖ ስታዩት ይህን አስታውሱ።

ጎህ ልጄ፣ ለእናትሽ የምትነግሪያት ነገር አለኝ። አቡል ፈዝል ንጉሥ አክበር ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማይበላ ጽፏል፤ በኋላም ሌሎች ቀኖች ጨመረ። ሥጋ የሌለባቸው ምግቦች በወጥ ቤቱ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ አንድ ክፍል ነበሩ። ዓርብን የሚያከብር ንጉሥ የነበረበት አገር እንደምትሄድ ብታውቅ ደስ ይላታል።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ የአክበር ልጅ ጃሃንጊር በደቡብ እጅግ የተቸገረው በአንድ የእኛ አገር ሰው ነበር፤ በባርነት ተሸጦ ህንድ የደረሰው፣ በኋላ የጦር መሪና አስተዳዳሪ የሆነው ማሊክ አምባር። እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የሙጋል ጦር ሊያሸንፈው አልቻለም።


ከላጅፓት ነጋር ፦ ኅዳር 12

ሰላም ጎህ። እኔ አሁን ዴልሂ ነው የምኖረው፤ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ እኔም እንደ እናትሽ ጿሚ ነኝ። ሁሉም ስለ ሥጋ ስለጻፈ የእናትሽን ጉዳይ ለእኔ ተዉት።

መጀመሪያ አንድ ስሕተት ላስጠንቅቅሽ፤ እኔን በመጀመሪያው ዓመት አሳስቶኛል። ህንድ ውስጥ «ሻካሃሪ» ማለት ሥጋ የሌለው ማለት ነው እንጂ የጾም ማለት አይደለም። በታሸገ ምግብ ላይ የምታይው አረንጓዴ ነጥብም ያው ነው። ወተት፣ እርጎ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ አይብ ሁሉ ይፈቀዳል። ቻንድኒ ቾክ ውስጥ «ፓራንቴ ዋሊ ገሊ» የምትባል ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሞላ ቂጣ የሚሸጥባት መተላለፊያ አለች። ሥጋ የለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ነገር ግን ቂጣው በተነጠረ ቅቤ ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚወጣው። ለጿሚ አይሆንም። ይህችን ጥያቄ በቃልሽ ያዢ፤ «ዱድ ናሂ፣ ዳሂ ናሂ፣ ጊ ናሂ»፤ ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ ቅቤ የለም። እጅሽን ወደ እናትሽ ጠቁመሽ «ቭራት» በዪ፤ ጾም ማለት ነው። የህንድ ሰው ጾምን ያከብራል፤ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል።

የእናትሽ የጾም ምግብ በብርዱ ወራት እዚያው መንገድ ላይ አለ። «ሻከርካንዲ» ረመጥ ውስጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች ነው፤ ልጠው፣ ቆራርጠው፣ ጥቁር ጨውና የተቆላ ከሙን ነስንሰው ሎሚ ይጨምቁበታል። «ማተር» የደረቀ አተር ቅቅል ነው፤ ሰፊ የናስ ድስት ውስጥ ተቆልሎ ይቀመጣል፤ በሎሚ፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ይቀላቅሉታል። አብሮት የሚሰጠው «ኩልቻ» የሚባል ዳቦ ሊጡ ውስጥ አንዳንዴ እርጎ ይገባበታል፤ ዳቦውን ትታ አተሩን ትብላ። «ጎልጋፓ» ደግሞ ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ስስ የሆነ፣ በዘይት ተነፍቶ የተጠበሰ ኳስ ነው፤ በአውራ ጣት ሰብሮ ድንችና ሽምብራ ከትቶ፣ በሁመር፣ በናናና በቅመም የተዘጋጀ ውኃ ሞልቶ ይሰጥሻል። በአንድ ጉርሻ መዋጥ አለበት። ሰውየው አንዱን ስትጨርሺ ሌላውን እየሰጠ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ የእኛን ማጉረስ አስታወሰኝ።

ስለ ሥጋው፣ አትከራከሪያት። የከተማዋ ብዙ ሰው ሥጋ ሳይበላ የሚኖር ስለሆነ ምንም አይጎድልባትም።


የጃሚያው ተማሪ ፦ ኅዳር 12

ለሙስሊም ተጓዦችም አንድ ነገር ልጨምር። በጃማ መስጂድ ሰፈር ሐላል ነው ወይ ብላችሁ መጠየቅ አያስፈልግም። በሌሎች ሰፈሮች ግን «ጀትካ» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሥጋ ቤቶች አሉ፤ እንስሳው በአንድ ምት የሚታረድበት የሲኮችና የአንዳንድ ሂንዱዎች ሥርዓት ነው። ማወቅ ይጠቅማል።


ነርስ ነኝ ፦ ኅዳር 12

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ለማቀዝቀዝ አይደለም። በሰባ ዓመቷ የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት ተቅማጥ ቢይዛት ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል። ጎህ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጎልጋፓውን እርሺው፤ ውኃው ያልፈላ ነው። ከድስት ወይም ከዘይት ዓይንሽ እያየ ትኩሱን የሚወጣውን ብቻ። ተቆርጦ የቆየ ፍራፍሬ አይሆንም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቁስሉ እስኪድን ድረስ ጉልበት የሚሰጣት ምግብ ያስፈልጋታል፤ በጾም ከሆነ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ በብዛት ትብላ። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባቷን ከመሄዷ በፊት ታማክር። ሐኪሙንም ንገሩት፤ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች ምግብ የሚፈልጉ አሉ።


ከላጅፓት ነጋር ፦ ኅዳር 12

እኅቴ ነርስ፣ እውነትሽን ነው። ጎህ፣ ጎልጋፓውን ሰርዢው፤ ሻከርካንዲውን ያዢ።


ድሬ ከዚራ ፦ ኅዳር 13

ጣፋጩን ሁሉም ረሳው! እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ዴልሂ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ቻንድኒ ቾክ ላይ ግን እንደ እንግዳ አልተሰማኝም። ዳሪባ በምትባለው የብር ሠሪዎች መተላለፊያ ጥግ ላይ ከ1884 ጀምሮ ጃሌቢ የሚሸጥ ቤት አለ። ሊጡን በጨርቅ ከረጢት ይዞ የጋለ ቅቤ ውስጥ እያዞረ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነክረዋል። ቆሜ አየሁትና «ይህማ ሙሸበክ ነው!» አልኩ። የእነርሱ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ የእኛ ቀጠን ያለ። ጃሌቢ የሚለው ስም ከዐረቦቹ «ዘላቢያ» የመጣ ነው። ሳሞሳና ሳምቡሳም ከአንድ የፋርስ ቃል የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ድንች ተሞላ፤ ሌላው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ምስር ተሞላ።

ግን ልጽፍ የመጣሁት ስለ ወተቱ አረፋ ነው። ስሙ «ዳውለት ኪ ቻት» ነው። የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ ብቻ ነው። ወተትና ክሬም ቀላቅለው በብርዱ ሌሊት ሜዳ ላይ ያሳድሩታል፤ ጎህ ሳይቀድ ይንጡታል፤ የሚወጣውን አረፋ ብቻ በጭልፋ እየገፈፉ ትሪ ላይ ይከምሩታል። ሻጮቹ ጤዛ ካልነካው አይቆምም ይላሉ። ፀሐይ ስትበረታ ይፈርሳል። ሳፍሮን፣ ፒስታቺዮና ስኳር ነስንሰው በቅጠል ሳህን ይሰጣሉ። ሉክናው ውስጥ ይኸው ምግብ «ማካን ማላይ»፣ ቫራናሲ ውስጥ «ማላዮ» ይባላል።

አሁን አስቢው ጎህ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ታኅሣሥ 29 ገና ነው። ከዚያ ነነዌ እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ናቸው ለእናትሽ የተፈቀዱት፤ ከእነርሱም ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ። እስከ ጥር መጀመሪያ ከቆያችሁ ጥቂት ቀናት አላችሁ። እንዳያመልጣችሁ!


ሻርጃ ነዋሪ ፦ ኅዳር 14

ሁሉንም አነበብኩ። እዚህ ሻርጃ ውስጥ ኒሃሪ በየመንገዱ ነው፤ የሚሸጡት ግን የካራቺ ሰዎች ናቸው። በ1947 ብዙ የዴልሂ ሙስሊሞች ካራቺ ገብተው ድስታቸውን እዚያ ጣዱ። ሁልጊዜ የምበላበት ቤት ባለቤት አባቱ ስለ ዴልሂ ሲያወራ ዴልሂን አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ የሚያወራው የአያቱን ትዝታ ነው። ወጥ ቤት የጻፈውን ሳነብ የገባኝ ነገር አለ፤ በዚያው ዓመት አንዱ ስደተኛ ታንዱር ይዞ ዴልሂ ገባ፤ ሌላው የኒሃሪ ድስት ይዞ ከዴልሂ ወጣ።


ጎህ ፦ ታኅሣሥ 7

ከዴልሂ ነው የምጽፈው። ቀዶ ሕክምናው ትናንት በሰላም አለቀ፤ ጸሎታችሁ አልተለየንም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ቀን ሻከርካንዲ ገዝቼላት ነበር። ጥቁሩን ጨው ስታሸት «የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ከሎሚው ጋር ስትቀምሰው ግን ቅጠሉን ጠርጋ ጨረሰችው። ኒሃሪውን ለብቻዬ ቀመስኩት። ጭጋግ ስለነበረ ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት ከጭጋጉ መለየት አልቻልኩም። የጃሚያው ተማሪ፣ ሰውየው ከፍ ብሎ ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ልክ እንዳልከው።


ጎህ ፦ ጥር 6

ነገ ማታ እንበራለን፤ ቃል የገባሁትን ሳልጽፍ መነሣት አልፈለግሁም።

ትናንት ሰኞ ነበር። እናቴ በክራንች መራመድ ጀምራለች። በታክሲ ቻንድኒ ቾክ አፍ ድረስ መጣን፤ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባም፤ የእግር ሪክሾ ያዝን። ነጂው እግሯን ሲያይ መቀመጫው ላይ የራሱን ጋቢ የመሰለ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈላት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ዳውለት ኪ ቻት የሚሸጠው ሰው ኪናሪ ባዛር መግቢያ ላይ ቆሟል። ትሪው በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሲገልጠው ብጫ አረፋ ተቆልሎ አየን። እናቴ በጣም ትንሽ ወሰደች፤ አፏ ውስጥ ስትከተው መጀመሪያ ምንም የቀመሰች አልመሰላትም፤ ማንኪያውን አየችው። ከዚያ ዝም አለች። በሁለተኛው ማንኪያ «ይህን የሠራችው ሴት ሌሊቱን አልተኛችም» አለች። ለሰውየው በእጅ ምልክት ሌሊት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ጣቶቹን አንሥቶ ሦስት አሳየኝ፤ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት መነሣቱ ነው። ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። ሂሳብ ስከፍል ከእጄ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ወስዳ እርሷው ሰጠችው።

ወጥ ቤት፣ ኮርማውንም አየችው። ሥጋውን አልነካችም፤ ድስቱ አጠገብ እንድንቆም ግን ፈቀዱልን። የተጠበሰውን ሽንኩርት በመዳፏ አድቅቃ አሸተተችና «እርጥበቱን ጨርሰው ነው ያወጡት፤ ለዚህ ነው ወጡ የማይቀጥነው» አለች። አብሳዩ ቋንቋዋን አያውቅም፤ እጇን ግን አወቀው። ሁለተኛ ጭብጥ ሰጣት።


ወጥ ቤት ፦ ጥር 6

እኅቴ፣ እናትሽን አንድ ቀን ወጥ ቤቴ ውስጥ ባገኛት ክብሬ ነው። ኻሪ ባኦሊ የቅመም ገበያ የመድረስ ዕድል ካገኘሽ አንድ ልመና አለኝ፤ ትልቁን ጥቁር ሄል አምጪልኝ፤ መልኩ ኮረሪማ ይመስላል፤ ሽታው ግን የጭስ ነው። «ባዲ ኢላይቺ» በያቸው።


ጎህ ፦ ጥር 7

ግማሽ ኪሎ ይዣለሁ። እናቴ አሽትታ ኮረሪማ አይደለም ብላ ለየብቻ አስራዋለች፤ ከጥምዙና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር እንዳይቀላቀል። ሐሙስ አዲስ አበባ ነን።